የዚህ ሳምንት ቁስል

ዶክተር ስኔዣና በደረጃው ሥር በግንባሯ ተደፍታ ስትገኝ፣ በሩሴ ከተማ ያለው የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ገዳይዋን ለማወቅ አንድ ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ እንኳ አልፈጀበትም። የኮቷ ኮሌታ ተቀዷል፤ ሰው ገፍቷታል ማለት ነው። ባለፈው ወር ልኬት በቁጣ ከአራት አራት ያመጣች ታካሚ ደግሞ ፎቅ ላይ ተኝታለች። ሳይንስ ይህን ያህል ካገዘ ፖሊስ ምን ይሠራል?

ያም ሆኖ ኢንስፔክተር ዝላትካ የሱፍ ፍሬዋን እየፈለፈለች መጣች።

«ያና ናት» አለች ነርሷ ስቶይና። «ዛሬ ከምሳ በኋላ ስኔዣና ስትጠይቃት ‹ውሸታም› ብላ ስትጮህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ምኑን ነው የምትጠይቃት?»

«ያው የተለመደውን ነዋ። በዚህ ሳምንት ተናደድሽ ወይ፣ ሰው ይተወኛል ብለሽ ፈራሽ ወይ፣ ራስሽን ጎዳሽ ወይ። ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ አራት ትሰጣለች። ሕመሙ ምን ያህል እንደከበደ በድምሩ ይታወቃል።»

«አንቺም ትሰሚያለሽ?»

«ኧረ ዘግተው ነው። የያና ሐኪም ፕሮፌሰር ካሎያን እንኳ ወሩ ሳያልቅ ትንፍሽ አይባልላቸውም። ካወቁ ለኪዋን ስኔዣናን ይጫኗታል ተብሎ ነው ደንቡ የወጣው።»

ያና እጅጌዋን እስከ ጣቷ ጎትታ ተቀምጣለች።

«እኔን ልትወስዱ ነው አይደል? ቁጥሬ ትልቅ ነው።»

«ውሸታም ያልሻት ለምንድን ነው?»

«እሷን አይደለም፣ ፕሮፌሰሩን ነው። በእኔ ሕክምና ድናለች ብለው ለሐኪሞች ጉባኤ ሊያወሩብኝ ነው። እኔ ደግሞ ይኸው።» እጅጌዋን ሰበሰበች። ቁስሉ ገና እርጥብ ነው። «ይህን ያየችው እሷ ብቻ ናት። ለስቶይና እንዳትነግሪብኝ፤ ታለቅሳለች።»

ፕሮፌሰር ካሎያን ለዝላትካ ወንበር ስበው ሰጧት።

«ስኔዣናን ከሰኞ ወዲህ አላየኋትም። ደንቡ አይፈቅድማ። ያወጣሁትም እኔው ነኝ።»

«ያናን ይጠረጥራሉ?»

«እኔ የምጠረጥረው በሽታውን ነው፣ ወይዘሮ ዝላትካ። እንዲህ ያሉ ታካሚዎች ጠዋት ያመለኩትን ማታ ይረግማሉ። በዚህ ሳምንት የገዛ እጇን የቆረጠች ልጅ ሌላ ሰው ብትገፋ ይገርማል?»

ዝላትካ መፈልፈሏን አቆመች። «አይገርምም» አለች።

ሁሉንም በመመገቢያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ስቶይና፣ ያና በዚህ ሳምንት ቆስላለች?»

«ኧረ እግዜር ይጠብቃት። ደህና ናት።»

ያና ማንም ሳያዛት እጅጌዋን ሰበሰበች። ስቶይና አፏን በመዳፏ ያዘች።

«አብራት የምትውለው ነርስ አላወቀችም» አለች ዝላትካ። «ስኔዣና ያወቀችው ዛሬ ከምሳ በኋላ፣ በር ተዘግቶ ነው። ከዚያ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ፕሮፌሰሩ ግን ልጅቷ እጇን መቁረጧን ያውቃሉ። ከሰኞ ወዲህ ካላዩዋት ማን ነገራቸው?»

«ያና ራሷ ነግራኛለች።»

ያና ሳቀች። «ለእርስዎ? ለእርስዎማ ሁሌ ድኛለሁ ነው የምለው። ደስ ሲልዎት ደስ ይለኛል።»

«ስለዚህ የነገረችህ ሟቿ ናት» አለች ዝላትካ፤ ‹እርስዎ›ው እዚያው ቀረ። «ለልጅቷ ሕይወት ፈርታ ደንቡን ጥሳ መጣች። አንተ የፈራኸው ለጉባኤው ነው። አልደብቅም ብላ ስትወጣ ኮሌታዋን ያዝክ፤ ተቀደደና ከደረጃው ወደቀች።»

ካሎያን መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ላስቆማት ብዬ ነው» አለ። «ለአንዲት ቁጥር…» አልጨረሰውም።

ያና ነጻ ወጣች፤ ማለት ወደ አልጋዋ ተመለሰች። በሳምንቱ አዲስ ለኪ በስኔዣና ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«በዚህ ሳምንት ሰው ይተወኛል ብለሽ ፈርተሽ ነበር?»

ያና ወደ ደረጃው በኩል አየች። «አልፈራሁም። የምትተወኝ ሄዳለች።»

ሰውየው ዜሮ ጻፈ። ድምሩም ቀነሰ።

«ጎበዝ» አላት። «እየተሻለሽ ነው።»