ከታጠበ በኋላ የቆሸሸው ሲሊንደር

ሬግ ፓስኮ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ተንጋሎ ወድቋል። አጠገቡ ክዳኑ የተወነጨፈ፣ የታመቀ ጋዝ የሚይዝ ወፍራም የብረት ሲሊንደር ጭቃ እንደለበሰ ተጋድሟል። ይህ በአውስትራሊያዋ የማካይ ከተማ ያለ ወርክሾፕ ከከሰል ማውጫና ከሸንኮራ እርሻ የሚመለሱ የማሽን ክፍሎችን ፈትቶ፣ አድሶ፣ እንደ አዲስ ይሸጣል። ሬግ ሠላሳ ዓመት የኖረበት ሥራ ነው።

«ሽማግሌው ዘንግቶ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ ግራንት ሌሲንግ፣ መርማሪዋ ሳጅን ዶሪን ቶጎ ገና ከመድረሷ። «ሌሎቹ ሻይ ላይ ነበሩ። ፍንዳታውን ሰምቼ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። ከጭነት መኪና እንደወረደ፣ ጋዙን ሳያስተነፍስ ከፈተው።»

የሞተ ሰው መልስ የለው፤ ሙት መውቀስ ምን ይቸግራል!

የሬግ ልጅ ሼሪ የተመላሽ ዕቃ መዝጋቢ ናት። ግራንት አደጋው በአባቷ ጥፋት ደረሰ የሚል ወረቀት አዘጋጅቶ እንድትፈርም ይነዘንዛታል።

«አልፈርምም!» አለች ዓይኗ እንደቀላ። «አባቴ ሞቷል፤ ስሙን ግን አትቀብሩትም!»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል» አለቻት ዶሪን። «እኔ ግን እስኪያድር አልጠብቅም።»

ተንበርክካ ጭቃውን በአውራ ጣቷ ጠረገችው። ከሥሩ በመዶሻ የተመታ 417 የሚል ቁጥር ወጣ። አጣቢውን ቪልያሜን ጠራችው።

«ይህን ማን መታው?»

«እኔ ነኝ። ሲታጠብ ነው የምመታው፤ ጭቃ ላይ ምን ይመታል?»

«ጋዙስ?»

«ጋዝ ያለበትን ልጠብ? ሚስቴን ጥቁር ላስለብሳት እንዴ፣ ሳጅን! መጀመሪያ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ይታጠባል፣ ከዚያ ቁጥር። ቁጥር ያለውን ማንም አይፈራም።»

ሼሪ መዝገቡን ገለጠች። «417 ከሸንኮራ እርሻ ነው የመጣው። ሲደርስ ቀይ አፈር ነበር የለበሰው።»

ዶሪን አውራ ጣቷን አየችው። ጥቁር ነው።

ከምሳ በፊት ግራንትን፣ ሼሪንና ቪልያሜን ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ሬግ አልዘነጋም። ቁጥሩን አይቶ፣ ጋዙ ወጥቷል ብሎ ከፈተ። ስለዚህ ከታጠበ በኋላ ጋዝ መልሶ የሞላበት ሰው አለ። ሬግ ሲሞት ያው ሰው ያልታጠበ እንዲመስል ጭቃ ቀባው። ግን የቀባው የከሰል ማውጫ ጥቁር ጭቃ ነው። ሼሪም ቪልያሜም ይህን አይስቱም። የሚስተው እጁ ቆሽሾ የማያውቅ ሰው ነው።»

«ግምት!» አለ ግራንት።

«ጋዝ የሚሞላበት ክፍል ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው ያለው» አለች ዶሪን ወደ ግራንት ዞራ። «አንዱ ሬሳው አንገት ላይ ነበር፤ ሌላው ያንተ ወገብ ላይ ነው። ምክንያትህም ደጅ ቆሟል። ለሽያጭ ሊወጣ ባለው የጭነት መኪና ላይ ከተጫኑት አርባ ሲሊንደሮች አንዱን ቪልያሜ ፈትቶ አሳይቶኛል፤ ላዩ አዲስ ቀለም፣ ውስጡ የበሰበሰ። ሬግ ‹ታድሷል› ብዬ አልፈርምም ሲልህ ትናንት ጮኸህበታል፤ ቪልያሜ ሰምቷል።»

ግራንት ካቴና ሲገባለት ወደ ሼሪ ዞረ።

«እኔ ከታሰርኩ ወርክሾፑ ይዘጋል። እንጀራሽ ነው፤ አስቢበት!»

«ይዘጋ!» አለች ሼሪ። «አባቴ ያልፈረመበት ዕቃ ከዚህ ግቢ አይወጣም።»

የመኪናውን የኋላ በር ከፈተች፤ ከቪልያሜ ጋርም ሲሊንደሮቹን ማውረድ ጀመሩ።