ያልመጣችው ሶሪት

መምህር ስማቸው ከእነዋጋዬ አጥር ማዶ ባህር ዛፍ ሥር መቀመጥ ከጀመረ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። የሩቅ ማያ መነጽሩን ያነሳል፣ ያወርዳል፣ ይጽፋል።

ዋጋዬ እበት እያፈሰች ታየዋለች። ሆዷ አልወደደውም። ብሔራዊ ውትድርናው ከመጣ ወዲህ በግምጃ ቤት ከተማ ዙሪያ ጎረምሳ በቀን አይታይም። ወንድሟ አድማሴም ከእሁድ ጀምሮ ጓሯቸው ካለው ቀርከሃ ውስጥ ተደብቋል። ይሄ ደግሞ ከሰው አገር መጥቶ ልክ ቀርከሃው ላይ ያነጣጥራል።

መልኩ አይጠላም። ይበልጥ ያናደዳት እሱ ነው።

ረቡዕ ዕለት ወጣች።

«መምህር፣ ምን ጠፋብዎት?»

«ምንም። ወፍ እያየሁ ነው።»

«ትምህርት ቤቱ ወፍ የለውም?»

«አለው። ቁራ ብቻ ነው።»

ሳቋን ዋጠችው። «እስቲ ያ የሚያንኳኳው ምንድን ነው?»

«ግንደ ቆርቁር። ወንዱ።»

«ሴቷ ናት።»

መነጽሩን አቀበላት። አናቱ ቀይ ነው፤ ወንዱ ነው። ስትመልስለት ጣታቸው ተነካካ፤ ሁለቱም ሌላ ሌላ ቦታ አዩ።

ሰላይም ወፍ ሊያጠና ይችላል፣ አለች በልቧ።

«ዋጋዬ፣ ዋንዛችሁ ላይ በየጠዋቱ ሁለት ሶሪት፣ እነዚያ ክንፈ ቀይ ወፎች፣ ነበሩ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከሰኞ ጀምሮ የሉም።»

«እኔ እረኛቸው ነኝ?»

«ቀርከሃው ውስጥ ሰው ካለ አይመጡም።»

ዋጋዬ ዓይኗን ከቀርከሃው አራቀች።

«የቀበሌው ሊቀመንበር በየማታው ደብተሬን ያገላብጣል። እኔንም አያምነኝም። አዳኝ የነበረ ሰው ነው፤ ሶሪት ሸሸች የሚል ካየ ይገባዋል።»

«ማንም የለም አልኩዎት።»

«እኔም አለ አላልኩም።»

አድማሴን አስደንግጦ ሊያስወጣው ነው፣ ብላ አሰበች። ወጥመድ ነው።

«ደብተሩን ያምጡ።»

ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ሰኞ፣ ቆቅ ስድስት፣ ገብሱ ዳር። እውነት ነው፣ ራሷ ናት ያባረረቻቸው። ማክሰኞ፣ ጭልፊት ጫጩት ወሰደ። የእሷ ጫጩት። አንድም ቃል አልጨመረ፣ አልቀነሰ።

ሰኞ፣ ሶሪት ሁለት፣ ዋንዛው ላይ። ማክሰኞ፣ ሶሪት ሁለት። ረቡዕ፣ ሶሪት ሁለት።

ቀና ብላ ዋንዛውን አየች። ባዶ ነው።

«ዋሹ እኮ።»

«አዎ።»

«ለምን?»

ስማቸው ቀና ብሎ አያት። ያ ሁሉ ቀን መነጽሩን ሲያወርድ ማንን ያይ እንደነበር አሁን ገባት።

«ቅዳሜ ሊቀመንበሩ ራሱ ሊፈትሽ ይመጣል» አለ። «ከዚያ በኋላ የእኔ ውሸት አይረባም።»

ሐሙስ ገበያ ነበር። አድማሴ ጋቢ ተከናንቦ፣ ገብስ ከጫኑ ፈረሶች መሃል ገብቶ፣ አዘና ከተማ ወዳለችው አክስቱ ወጣ። ዋጋዬ አቧራው እስኪበርድ አላመነችም። አርብም ቀኑን ሙሉ መምህሩን ጠረጠረች።

ቅዳሜ ሊቀመንበሩ ከነውሻው መጣ። ቀርከሃውን ከዳር ዳር ፈተሸ። ማንንም ሲያጣ የጫማውን ጭቃ አራግፎ ሄደ። በማግስቱ አድማሴ በሰላም ደርሷል ብላ አክስቲቱ ላከች።

ዋጋዬ ወደ አጥሩ ወጣች።

«ዛሬም ከውጭ ነህ?»

«አንተ» ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። ስማቸው ተነሳ።

«ማን ያስገባኛል?»

«ሽማግሌ ላክ። ሦስት ይሁኑ። አንዱ አዊኛ የሚችል ይሁን፤ አባቴ በገዛ ቋንቋቸው ካልተለመኑ እሺ አይሉም።»

«አሁን አመንሽኝ ማለት ነው?»

«ገና ነኝ» አለች። «ቶሎ ላክ።»