ለሁለት የተሰነጠቀው ሞገድ

ዶክተር ሽባባው ቆሰበር ከተማ ባለው ቤተ ሙከራው ውስጥ፣ ከትልቁ ማግኔት ሥር ተደፍቶ ተገኘ። ግንባሩን የፈለጠው የብረት መፍቻ አሁንም ማግኔቱ ላይ ተጣብቋል። እዚያ ክፍል ብረት አይገባም፤ ቀበቶ ሳይቀር በር ላይ ይፈታል። እንግዲህ አንዱ መፍቻውን አስገብቶ፣ ሟቹ ሲያጎነብስ የማግኔቱን ማብሪያ ተጭኖ አስወንጭፎበታል።

ቀድሞ የገባው ኢንስፔክተር ጎሹ የመለኪያውን ስክሪን ትክ ብሎ አይቶ አጠፋው፤ ክፍሉንም ቆለፈው። ቁልፍ ያላቸው ዘበኛው አዝመራው፣ ተማሪዋ የምሥራችና ከሟቹ ጋር የተኳረፈው መምህር ይኸነው ናቸው።

«ምን ነበር የሚለካው?» አላት የምሥራችን።

«ማግኔት ውስጥም ሞገድ አለ ጋሼ። ከፀጉር የሳሱ ንጣፎች ደራርበን ሞገዱን እንልክባቸዋለን። በቀስታ ሲገፉት አንድ ሆኖ ይሄዳል። ሲያበረቱበት ግን በማደግ ፈንታ ለሁለት ይሰነጠቃል ብለን ነበር። የዛሬው ሙከራ የመጀመሪያው ነው፤ ሳይጀመር ለምሳ ወጣሁ።»

ይኸነው ግን ገና ሳይቀመጥ ሳቀ። «ከፖሊስ ጋር ስለ ሞገድ ላውራ? ስንተኛ ክፍል ነው ያቆምከው?»

«አሥረኛ» አለ ጎሹ ንዴቱን ውጦ። «ዛሬ እዚህ ገብተው ነበር?»

«ዳንግላ ነው የዋልኩት። ደግሞስ ምን ልሠራ? ይሰነጠቃል ያልኩት እኔ፤ ስሜን ፍቆ የራሱ ያደረገው ሽባባው! ይኸው ተሰነጠቀለት፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ።»

ጎሹ የቆለፈውን ክፍል ከፈተ። ሦስቱንም ማግኔቱ ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«አዝመራው ከውጭው በር አልተነሳም፤ ባጃጅ ነጂዎቹ አብረውት ሲያወሩ ውለዋል። የምሥራች ምሳ ቤት ታይታለች። የኔ ልጅ፣ መምህር ይኸነው ሁለቱ ስንጣቂዎች ምን ይሆናሉ ነበር ያለው?»

«እኩል። ዶክተርም እኩል ነበር የሚሉት።»

ጎሹ ስክሪኑን አበራ። ሁለት ጉብታ፦ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ።

«ማንም ያልጠበቀው ነገር። ከሟቹ ሌላ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ አይቼም ቆለፍኩት። ዳንግላ የዋለ ሰው ድንኩን ከየት አየው? እስቲ ለአሥረኛ ክፍል አስረዳ!»

የይኸነው ዓይን ስክሪኑ ላይ እንደ ተተከለ ቀረ። «መፍቻውን ጓሮ በር ላይ ትቼ ገባሁ። ከኋላው ቆሜ ሲሰነጠቅ አየሁ። ‹የኔ› አለ ለራሱ። ማግኔቱን አጥፍቶ ንጣፉን ሊያወጣ ጎንበስ ሲል መፍቻውን አስገብቼ ማብሪያውን...» ካቴናው ሲገባለት ፈገግ አለ። «ይሁን። እሱም የለ፣ እኔም የለሁ። ግኝቱ በማን ስም ይወጣል?»

«በኔ» አለች የምሥራች። «ንጣፎቹን አንድ በአንድ የደረደርኩት እኔ ነኝ። ስትጣሉበት ስትኖሩ፣ አንዳችሁም እንኳ ስሜን አልጠራችሁም።»