አራት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር

ይህን ታሪክ ከሰው ሰምቼ አይደለም የምጽፍላችሁ። በራሴ ቤት፣ በራሴ ዓይን ያየሁት ነው። አላምንም የሚል ካለ አልፈርድበትም... እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። መብራት አልጠፋም፣ ነጎድጓድም የለም። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግታለች።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ ልንገራችሁ።

ብቻዬን እኖራለሁ። ሥራዬ አራሚነት ነው። ሰዎች ያላለቀ መጽሐፋቸውን በኢሜይል ይልኩልኛል፣ እኔ ግድፈቱን ለቅሜ እመልስላቸዋለሁ። አብዛኞቹን በመልክ አላውቃቸውም። ሳምንት ሙሉ የራሴን ድምፅ ሳልሰማ የማሳልፍበት ጊዜ አለ፤ ስልክ ሲደወልልኝ መጀመሪያ ጉሮሮዬን መጥረግ አለብኝ።

ቤቱ ሳሎንና አንድ መኝታ ክፍል ነው። መኝታ ክፍሉ የእህቴ ነበር። ካረፈች ጀምሮ ቆልፌዋለሁ። እኔ ሳሎን ሶፋ ላይ ነው የምተኛው።

እታለም ነበር የምላት። ታላቄ ናት። እናትም አባትም ሆና ያሳደገችኝ እሷ ናት። እሷ ደግሞ እኔን "አኩራፊው" ነበር የምትለኝ። "አኩራፊው፣ ምሳ ቀርቧል!" ስትል ጎረቤቱን ሁሉ አብራ ትጠራለች።

ከእሷ የቀረኝ አንድ ቪዲዮ ነው።

አራት ደቂቃ።

ከጎረቤት ካሜራ ተውሼ፣ መደርደሪያው ላይ አስደግፌ የቀረጽኩት ነው። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች፣ በፀጉር አቆራረጤ ትስቃለች፣ መጨረሻ ላይ "በቃ አጥፋው፣ እኔን አይተህ ምን ልታገኝ" ትላለች። እጄ ወደ ካሜራው ይመጣል። ከዚያ ያልቃል።

በየቅዳሜው ከምሳ በኋላ አያታለሁ። ያን ዕለትም ልከፍተው ስል ኮምፒውተሩ አንድ መልእክት አወጣ።

ሃርድ ዲስኩ ሞልቷል።

እውነቴን ነው፣ ሳቄ መጣ። ጽሑፍ እኮ ቦታ አይፈጅም! ዕድሜ ልኬን ያረምኩት ሁሉ ቢጠራቀም አንዲት ፍላሽ አይሞላም። ፊልም አላይም፣ ጌም አልጫወትም፣ ፎቶ የሚያነሳኝ ሰው የለኝም። የእኔ ዲስክ እንደ ቤቴ ባዶ ነው።

ኮምፒውተር ጠጋኙን ጠራሁት። መንገድ ዳር ሱቅ ያለው፣ ወሬ የሚወድ፣ የአራት ልጆች አባት ነው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ትንሽ ነካ ነካ አደረገ።

"ጋሼ፣ ስንት ሰው ነው የሚጠቀምበት?"

"እኔ ብቻ።"

"ኧረ አይቀልዱብኝ! የእኔዎቹ አራት ልጆች ፊልሙንም ጌሙንም ጭነውበት የዚህን ግማሽ አልሞሉም። ይሄ ሰው የበዛበት ቤት ዲስክ ነው።"

ከዚያ ሳቁን አቆመ።

"አንድ ፋይል ነው... ሁሉንም ቦታ የያዘው አንድ ፋይል ብቻ ነው።"

ጠጋ ብዬ ስሙን አነበብኩ። "እታለም" ይላል። ያቺው የአራት ደቂቃዋ ቪዲዮ ናት።

ርዝመቱ በደቂቃ አልነበረም። በሰዓትም አልነበረም። ሲሰላ ወራት ነው።

"ካሜራውን ሳያጠፉት ረስተውት ይሆናል" አለ።

"የተዋስኩት ካሜራ ነው። ያንኑ ዕለት ማታ መልሻለሁ።"

አላስፈላጊ ፋይሎችን ጠራርጎ ትንሽ ቦታ አስለቀቀ። ባዶ ቦታው ስክሪኑ ላይ ታየ... ከዚያ ዓይናችን እያየ ቀነሰ። ደግሞ ቀነሰ። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ሞላ።

"ጋሼ" አለኝ በሹክሹክታ። "እየቀረጸ ነው።"

"ማን?"

ቶሎ ቶሎ እየነካካ የመጀመሪያዎቹን አራት ደቂቃዎች ብቻ ቆርጦ ፍላሽ ላይ አደረገልኝ።

"ይኸው፣ የሚፈልጉት ይሄ ነው። የቀረውን ልሰርዘው?"

"ቆይ።"

"ባያዩት ይሻላል።"

"አንተ አየኸው እንዴ?"

"ትንሽ አለፍ አድርጌ..."

መፍቻዎቹን ሰብስቦ፣ የቀዳሁለትን ውኃ እንኳን ሳይጠጣ ወጣ።

በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ቪዲዮውን ከፈትኩ።

እታለም ብርቱካኗን ላጠች። ሳቀች። "በቃ አጥፋው" አለች። እጄ መጣ...

አላለቀም።

እጄ ተመለሰ። እታለም ልጣጩን ሰብስባ ተነሳች፣ ወደ መኝታ ክፍሏ ገባች፣ በሩን ዘጋች። ወንበሩ ባዶውን ቀረ።

ወደፊት አሳለፍኩት። ባዶ ወንበር። ቀን፣ ማታ፣ ቀን። ለቅሶ የመጡ ሰዎች ሲገቡና ሲወጡ። ከዚያ መጋረጃው ተለወጠ። ከቀብሯ በኋላ እኔ ራሴ የሰቀልኩት ሰማያዊ መጋረጃ ነው!

ካሜራው የነበረበትን መደርደሪያ ዞሬ አየሁት። አቧራ እንጂ ምንም የለበትም።

ወደ ስክሪኑ ስመለስ ራሴን አየሁት። ሾርባ ይዤ መጥቼ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥኩ። ብቻዬን።

ይሄስ ልክ ነው። እንደዚያ ነው የምበላው።

ግን ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል...

ድምፁን ጨመርኩት። ያኛው እኔ ያወራል። እርማት የማይገባውን አንድ ደራሲ ደንበኛዬን እያነሳ ይቀልዳል፣ ወደ መኝታ ክፍሉ በር እያየ ይመልሳል፣ ይስቃል። ከሆዱ ነው የሚስቀው። እኔ በዚያ ወቅት እንኳን ልስቅ፣ እህል የሚወርድልኝም በስንት መከራ ነው። ያን ወሬ ለማንም አላወራሁም። የማወራለት ሰው የለኝማ።

ፈራሁ እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ፈርቻለሁ። ግን ከፍርሃቱ የባሰው ቅናቱ ነበር። በገዛ ራሴ ቀናሁ።

መጨረሻው አካባቢ ያኛው እኔ ሁለት ሰሃን አቀረበ። የመኝታ ክፍሉ እጀታ ዞረ። በሩ ትንሽ ገርበብ አለ... ጣቶች ታዩ...

ቆመ። ቦታ የለም።

ዘወር ብዬ የእውነተኛውን መኝታ ክፍል በር አየሁ። እንደተቆለፈ ነው። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ። ምንም።

ከዚያ ፍላሹን ሰክቼ አራት ደቂቃዋን አየሁ። ቅዳሜ እስክትመጣ ሳምንቱን የሚያቆየኝ አራት ደቂቃ። አልበቃችኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልበቃችኝም።

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩን ይዤ ወደ ጠጋኙ ሱቅ ሄድኩ።

"ተለቅ ያለ ዲስክ ፈልጌ ነበር።"

"ሰረዙት?"

"አልሰረዝኩትም።"

"ጋሼ፣ ለአንድ ሰው የአንድ ቴራባይት ዲስክ እንኳን ይተርፋል። አሁን እርስዎ ምን ሊያስቀምጡበት ነው?"

ኮምፒውተሩን ወደ እሱ ገፋሁለት። ገጠመልኝ።

እቤት ገብቼ ስከፍተው ቪዲዮው ከቆመበት ቀጥሏል። በሩ ተከፈተ። እታለም ወጣች። ጀርባዋን ለካሜራው ሰጥታ ተቀመጠች፣ ያኛው እኔ ሩዝ አቀረበላት። የእሷን ድምፅ ግን መስማት አልቻልኩም። ትናገራለች፣ ትከሻዋ በሳቅ ይነቃነቃል፣ ድምፅ የለም። እሱ ብቻ ነው የሚሰማኝ።

አንድ ቀን ትዞራለች ብዬ ጠበቅሁ። ሥራዬን ተውኩ። ደንበኞቼ ሲጽፉልኝ አልመለስኩም። ፊቷን ሳላይ ዲስኩ ሞላ።

ጠጋኙ የመጨረሻውን ትልቅ ዲስክ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። አልገባም፤ በር ላይ ቆሞ አቀበለኝ።

"ለቤት ከዚህ የሚበልጥ የለኝም። ከዚህ በላይ የድርጅት ነው።"

"እሺ።"

"ጋሼ... እባክዎ ይሰርዙት። እቤት ይምጡና ከልጆቹ ጋር ምሳ እንብላ። በእኔ ሞት።"

ስንት ጊዜ ሆኖኛል ሰው ምሳ ከጋበዘኝ! ሌላ ቀን እመጣለሁ አልኩትና በሩን ዘጋሁ።

ዲስኩን ገጠምኩ። ቪዲዮው ቀጠለ። ሁለቱ ጠረጴዛው ጋ ናቸው። ድንገት ያኛው እኔ ማንኪያውን አስቀመጠ፣ ጎንበስ አለና በሹክሹክታ ተናገረ።

"እያየን ነው።"

ያኔ የእሷን ድምፅ ሰማሁት። ያ ጎረቤቱን ሁሉ የሚጠራው ድምፅ ዝቅ ብሎ...

"ማነው?"

"ያ ሰውዬ።"

"ዛሬም?"

"ሁልጊዜ ነው። ምንም ሥራ የለውም።"

"ብቻውን ነው?"

"ብቻውን ነው።"

እታለም ዞረች። ፊቷ የራሷ ነው፤ ምንም የተበላሸ ነገር የለውም። ቢኖረው ይሻለኝ ነበር። በቀጥታ ወደ እኔ አየች... ግን አላወቀችኝም። መንገድ ላይ ያየችውን ሰው እንደምታዝንለት ነው ያዘነችልኝ።

"ምስኪን" አለች። "ምሳስ በልቷል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

"ጥራው እንጂ!"

"እታለም... ከመጣ አይሄድልንም።"

"ጥራው አልኩህ። ይህን ያህል ሰፊ ቤት።"

ኮምፒውተሩን ነቀልኩት። ከግድግዳው ነቅዬ ገመዱን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ይህ የሆነው የዛሬ ሦስት ቀን ነው። ሦስቱንም ቀን ሳልከፍተው ቆየሁ። ሁለቱን ቀን እሰርዘዋለሁ እያልኩ ስዝት ነበር፤ ሦስተኛውን ቀን "እኔ ነኝ እኮ፣ ወንድምሽ ነኝ" ልላት ፈለግሁ። ይገርማችኋል፣ ያስለቀሰኝ እኔን አለማወቋ ነው።

ዛሬ ከሰዓት መልሼ ሰካሁት።

ዲስኩ ላይ የቀረው ቦታ በጣም ትንሽ ነው። ይህን ስጽፍላችሁ ቪዲዮው ከጎን ክፍት ነው፤ አንድ ዓይኔ እዚያ ነው። ሩዙ ቀርቧል። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሰሃን አለ፣ ሦስተኛ ወንበርም ተስቧል። ወንበሩ ላይ ግራጫ ሹራብ ተንጠልጥሏል። ትናንት አጥቤ ውጪ ያሰጣሁት፣ ከጠዋት ጀምሮ ስፈልገው የዋልኩት ሹራቤ ነው።

እታለምና ያኛው እኔ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አያወሩም። ወደ ካሜራው አያዩም። የሚያዩት እታለም የወጣችበትን፣ እኔ ቆልፌ የያዝኩትን የመኝታ ክፍሉን በር ነው።

ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው። እስካሁን አልነኩትም።