ደቅሲሳ ሳይዘጋው የሄደው

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። የምስራችን ግን አውቃታለሁ፤ ቀልድ እንኳ በቅጡ ማውራት የማትችል ሰው ናት።

እሁድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። መቱ ከተማ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

የገበሬዎች ማኅበሩ ቢሮ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም የለም።

ከጎኗ የደቅሲሳ ወንበር ባዶ ነው። ከተቀበረ ገና ወር አልሞላውም። አብረው ሲሠሩ በየጠዋቱ አንገቱን በበሩ አስግጎ «ጂርታ?» ይላት ነበር። አለሽ ወይ? ማለቱ ነው።

አሁን የሚጠይቃት የለም።

የመጣችው የሰርቨሩ ዲስክ ሊሞላ ስለሆነ ነው። ከሞላ ዳታቤዙ ይቆማል፤ ነገ ደግሞ ገበሬዎች ከኡካና ከኖፓ ድረስ ለምዝገባ ይመጣሉ።

ጥፋተኛዋን ወዲያው አገኘቻት። ጊዜያዊ ሰንጠረዥ።

ዳታቤዝ ከባድ ሥራ ሲያዙት ለጊዜው የሚዘረጋት ናት። የሰርቨሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ራሙ፣ ከበቃት እዚያው ትቀመጣለች፤ ካልበቃት ዲስክ ላይ ትጻፋለች። (ራም ይገዛ ከተባለ ቆየ፤ ኮሚቴው ገና ሻይ እየጠጣ ነው።) የከፈታት ሰው ሲወጣ ትጠፋለች።

ይህቺ ግን እያደገች ነው...

የዲስኩ መብራት ብልጭ... ብልጭ... ይላል።

ማን ከፈታት? ስክሪኑ ላይ ስሙ ተጽፏል።

ደቅሲሳ።

ዞራ የደቅሲሳን ኮምፒውተር አየችው። ከሶኬቱ ተነቅሏል። የተጠቀለለው ገመድ አቧራ ለብሷል።

ኃላፊዋ ጋሼ ነገራ ጋ ደወለች። ለምን እንደምታንሾካሹክ ራሷም አታውቅም።

«ጋሼ... የደቅሲሳ ስም አልወጣም። እየጻፈ ነው።»

«እና በእሁድ ምድር ለዚህ ትደውያለሽ? ዝጊያታ!»

«ምን እንደሚጽፍ ልይና...»

«ምን አገባሽ? ዝጊያት አልኩሽ!»

ሰንጠረዧ የምትጻፍበትን ፋይል ከፈተችው። ከላይ እስከ ታች አንድ ቃል ብቻ።

ጂርታ? ጂርታ? ጂርታ?

ጣቷ ቁልፉ ላይ ቀረ። ብትዘጋው ከእንግዲህ አለሽ ወይ የሚላት አይኖርም።

«ነን ጂራ» አለች በቀስታ። አለሁ።

መብራቱ ቆመ።

የደቅሲሳ ስም ጠፋ። ዲስኩም ቀለል አለው። ልትስቅ ምንም አልቀራትም...

ብልጭ።

አዲስ ስም ገባ። አዲስ ሰንጠረዥም መጻፍ ጀመረች።

የምስራች።

እሷ ግን ሰርቨሩ ውስጥ የገባችው በራሷ ሳይሆን በአስተዳዳሪው ስም ነው። ደግሞም ሁለቱም እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው።

«ዘጋሻት?» ይላሉ ጋሼ ነገራ በስልኩ ውስጥ። «የምስራች! ዘጋሻት ወይ?»

የከፈታት ሰው ሲወጣ ትጠፋለች። ሰንጠረዧ ስትዘጋ ደግሞ... የከፈታት ሰውስ?

ብልጭ... ብልጭ...

መብራቱ የሚበራው ከትንፋሿ ጋር እኩል ነው። ትንፋሿን ያዘች።

መብራቱም ቆመ።