ለብቻው ያቀደው ጡረታ

መጀመሪያ ያየሁት ቀን «አባባ፣ እዚህ ይቀመጡ!» አልኩት።

የምሠራበት መድኃኒት ቤት መብራት ተበላሽቶ ሊጠግን የመጣ ኤሌክትሪሺያን ነበር። ፀጉሩ ያለጊዜው ሸብቶ ነው እንጂ ገና አርባ አራት ዓመቱ ነበር። እኔ ሃያ ስድስት።

«አባባ ያልሽው እኔን ነው?» አለ ዞር ዞር ብሎ እያየ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ! በዓመቱ ተጋባን።

አሁን ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። እኔ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይቀረኛል።

ሰሞኑን ታዲያ ጠባዩ ተለወጠብኝ። ማብሪያ ማጥፊያውን ይፈታና «ነይ፣ አንቺ ግጠሚው» ይለኛል። ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ቆሞ ያሠራኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለብሶ ይወጣል፤ የት እንደሚሄድ አይናገርም። ሌላ ሴት ይዟል፣ ጥሎኝ ሊሄድ ነው ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ቅዳሜ ተከተልኩት። የአረጋውያን መኖሪያ ግቢ ገባ። ስደርስበት መዝጋቢዋ ፊት ተቀምጦ ቅጽ ይሞላል።

«ምን እየሠራህ ነው?»

እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ።

«ሰባ ሲሞላኝ እዚህ ልገባ...» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ስንት ቦታ አይቼ ነው ይሄን የመረጥኩት። የቤቱን ጥገና ያለማመድኩሽም ለዚሁ ነው። አንቺ ያኔም ሥራ ላይ ነሽ። ቀን ቆመሽ ውለሽ ማታ እኔን ልታስታምሚ? ዕድሜሽን አልበላብሽም!»

እንባዬ መጣ፤ ንዴቴ ግን ቀደመው።

«ጠየቅከኝ?»

«እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ...»

«ለእኔ ብለህ ከእኔ ትለያለህ? የሁለታችንን እርጅና ለብቻህ አታቅድም!»

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«እህቴ፣ እኔንም መዝግቢኝ።»

«ዕድሜዎ ስንት ነው?» አለች መዝጋቢዋ።

«አርባ አንድ።»

«ከስልሳ በታች አንቀበልም።»

«ሰማህ?» አልኩት። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት እቤት ትጠብቀኛለህ። ጉልበት እስካለህ ማሠልጠኛ ገብተህ ሙያህን ታስተምራለህ። ሲደክምህ እኔ ግማሽ ቀን እሠራለሁ፤ ኑሯችንን በዚያ ልክ እናደርጋለን። ካቃተን አብረን እንመጣለን።»

«ያኔ እኮ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው!»

«ይሁና!»

ዓይኖቹ እንባ ሞልተዋል። ከዚያ ቅጹን አጥፎ ወደ መዝጋቢዋ ዞረ።

«እህቴ... ለባልና ሚስት የሚሆን ክፍል አላችሁ?»