ጓጉንቸሩ አራት ቁጥር ላይ

ኢንስፔክተር ፊርዶስ ብስኩት ፋብሪካው ስትደርስ የኑርሀን አስከሬን ከሦስተኛው የሊጥ ማቡኪያ ማሽን ሥር አልተነሣም ነበር። ኑርሀን የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ነበረች። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ማሽኑን ከፍታ ስትጠግን ኤሌክትሪክ ያዛት።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ካሣ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ተቀበሏት።

«የሚያጠያይቅ ነገር የለውም፤ ተሳስታ ነው። የሦስትን መብራት ማጥፋት ሲገባት አራትን አጥፍታ ማንም እንዳያበራው ቆለፈች። ይኸው ጓጉንቸሯ። ከእንግዲህ ሴቶቹን ከጥገና አውጥቼ ወደ ማሸጊያ እመልሳቸዋለሁ።»

ፊርዶስ ወደ ማሽኑ አለፈች። ፖሊስ ከመሆኗ በፊት የተማረችው ኤሌክትሪክ ምህንድስና ነው፤ ስትመረቅ ግን የቀጠሯት ሰዎች ፋይል እንድታደራጅ ቢሮ አስቀመጧት። ያ ወንበር እሾህ ሆነባትና ጥላው ወጣች። ዛሬም አንድ ቦታ መቆም አልሆነላትም፤ ከማሽኑ ወደ መብራት ቦርዱ፣ ከቦርዱ ወደ ማሽኑ ተመላለሰች። የሟቿን የኤሌክትሪክ መፈተሻ ቴስተር በካቻቢቴ ፈትታ ውስጡን አየችና ኪሷ ከተተችው። የጓጉንቸሩን ብቸኛ ቁልፍ ከኑርሀን አንገት፣ ከሸሚዟ ሥር፣ በክር ታስሮ አገኘችው። ከዚያ ቦርዱ ላይ አፈጠጠች። በየማጥፊያው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ በቪቴ ታስሯል። ቪቴዎቹን ሁሉ የዱቄት ብናኝ አልብሷቸዋል፤ የሁለት ቁጥሮችን ቪቴዎች ግን አልነካቸውም።

የኑርሀን ረዳት ዳሃቦ ጆንያ ላይ ተቀምጣ እጇን ታሻለች።

«ስትጮህ ሮጥኩ። ሦስት የሚለውን ላጠፋ ስል ቀድሞ ጠፍቷል፤ ጓጉንቸር አለበት። ወላሂ፣ በዐይኔ አይቻለሁ።»

«አሁን ያለው አራት ላይ ነው።»

«አየሁት። አብጃለሁ መሰለኝ።»

«መብራቱን ማን አጠፋው ታዲያ?»

«ሲሞን። ሮጦ መጣና አጠፋው። እኔን አቶ ካሣን ጥሪ ብሎ ላከኝ።»

ሲሞን የክፍሉ አንጋፋ ቴክኒሺያን ነው። ኑርሀን ገና ማሸጊያ ክፍል ሳለች ካቻቢቴ አያያዝ ያስተማራት እሱ ነበር። እሷ ግን ቀን እየሠራች ማታ እየተማረች ዲግሪዋን ያዘች፤ ዘንድሮ አለቃው ሆነች።

«ይሄን ቦርድ ያስገጠመችው ራሷ ናት፤ በቅርቡ ነው» አለ ሲሞን። «እኔ ነክቼው አላውቅም።»

«የትኛውን እንደምታጠፋ በምን አወቅህ?»

«ቁጥሩን አንብቤ ነዋ። ሦስትን አጠፋሁ።»

ፊርዶስ ሦስቱንም ሰዎች ቦርዱ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ቁልፉ ከሟቿ አንገት አልወጣም፤ ስለዚህ ጓጉንቸሩን ከፍቶ ያዛወረ የለም። ዳሃቦ ግን ሦስት ላይ አየችው፤ እኛ አራት ላይ አገኘነው። ጓጉንቸሩ ካልሄደ የሄደው ቁጥሩ ነው።»

«ወይም ዳሃቦ ዋሽታለች» አሉ አቶ ካሣ።

«ቪቴዎቹን ይዩ። ሁሉም ዱቄት ለብሰዋል፤ የሦስትና የአራት ብቻ ንጹሕ ናቸው። በቅርቡ ተፈተዋል ማለት ነው። ኑርሀን ሦስት የሚለውን አጥፍታ ቆለፈች፤ እሱ ግን የአራተኛው ማሽን ማጥፊያ ነበር። እንደ ደንቡ በቴስተር ፈተሸች። ቴስተሩም ዝም አላት፤ ውስጡ ያለው ሽቦ በፒንሳ ተቆርጧል። የዘለለችው ደንብ የለም።»

ወደ ሲሞን ዞረች።

«ሦስትን አንብቤ አጠፋሁ አልከኝ። በዚያች ሰዓት ሦስት የሚለው ጠፍቶ ተቆልፎ ነበር። እሷን የያዘውን መብራት ለማጥፋት አራት የሚለውን መንካት ነበረብህ። ይህን የሚያውቀው ቁጥሮቹን የቀያየረው ሰው ብቻ ነው። ዳሃቦን ላክሃትና ብቻህን ስትቀር ወደ ቦታቸው መለስካቸው።»

ሲሞን መሬት መሬቱን አየ።

«ያስተማርኳት እኔ» አለ ድምፁ እየሰለለ። «እሷን አለቃ ብዬ ልጥራት?»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ አቶ ካሣ ስለ ማሸጊያው የተናገሩትን የሚውጡበት ቦታ ጠፋባቸው። ዳሃቦ ግን ተመልሳ ጆንያው ላይ ተቀመጠች።

«አራትን ብነካው ኖሮ ትድን ነበር?»

ፊርዶስ አብሽሪ፣ አይዞሽ ልትላት ከጀላት፤ አፏ ግን እሺ አላላትም።

«አላውቅም» አለቻት። «ተሳስታ እንዳልሞተች ግን አውቃለሁ። እናቷ ሌላ ሰው ሳይቀድም ይህን ከአንቺ ይስሙት።»

ዳሃቦ ከጆንያው ላይ ተነሣች። የኑርሀን እናት ቤት ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው ጋ ነው። በር ላይ ባጃጅ ለመጠበቅ ትዕግሥት አጣችና በዚያ ፀሐይ በእግሯ መንገዱን ተያያዘችው።